ወለቃን በሸክላ፦ የክበባችን የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ 2015 ዓ.ም.

ጥቅምት 10

ልንሠራ የተነሳነው ወለቃን፣ ቤተ እስራኤሎች (የኢትዮጵያ አይሁዳውያን) ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት እንደነበረች የሚያሳይ የሸክላ ካርታ ነው። ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው 6 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ናት። የካርታው መጠን 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ80፤ 24 ሰሌዳ፣ እያንዳንዱ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር። ልኬቱ 1 ለ250፤ ማለትም 300 በ450 ሜትር መሬት ይይዛል። ግንቦት 16 አዳራሹ ውስጥ መቆም አለበት። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተወሰዱበት ቀን ነው።

ክበቡ ውስጥ 13 ተማሪ አለ፣ ከ10ኛ እና ከ11ኛ ክፍል። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ካዝናው ውስጥ ያለው 3,200 ብር ነው።

መጀመሪያ የታሰበው ባነር ማሳተም ነበር። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ እናቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ እየተባለ እኛ ፕላስቲክ ልንሰቅል ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ባነር ያነሳ የለም።

ጥቅምት 12፣ ቅዳሜ

በ2 ባጃጅ ኮንትራት ሄድን፤ ደርሶ መልስ 600 ብር። መንገድ ዳር የሸክላ ዕቃ መሸጫዎቹ አሉ፤ ጥቁር አንበሳ፣ ኦሪት የያዘ ቀስ (የቤተ እስራኤል ካህን)፣ ኮከብ ያለበት ሳህን። ትንሿ መስጊድ ቆማለች። (የማያውቅ እንዳይደናገር፦ ቤተ እስራኤሎች የጸሎት ቤታቸውን የሚጠሩት መስጊድ ብለው ነው።)

የመለካት ሥራው ተበላሸ። በስልክ ጂፒኤስ ነጥብ ስንይዝ ዋልን። ማታ ነጥቦቹን ሳሰፍራቸው አንዱ ማዕዘን በሁለት ስልክ 7 ሜትር ተለያይቶ ተገኘ። በ1 ለ250 ልኬት 7 ሜትር ማለት 2.8 ሳንቲ ሜትር ነው። 5 ሜትር ስፋት ያለው ጎጆ በካርታው ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚይዘው። ስህተቱ ከቤቱ በለጠ ማለት ነው። የቀኑ ሥራ በሙሉ ተጣለ።

ጥቅምት 19

50 ሜትር ሜትሮ ከአንድ ግንበኛ ተዋስን። የመስጊዱን አንድ ማዕዘንና የመንገዱን ጠርዝ ቋሚ ነጥብ አድርገን፣ እያንዳንዱን ቦታ ከሁለቱም ለካን። ሁለት ርቀት ካለህ በኮምፓስ ሁለት ቅስት ትስላለህ፤ የተቆራረጡበት ቦታው ነው። 8ኛ ክፍል የተማሩት ጂኦሜትሪ መሬት ላይ ሲሠራ አዩት። ስህተቱ ከ40 ሳንቲ ሜትር በታች ወረደ።

ጥቅምት 26

ከመንደሩ አዛውንቶች ጋር ተቀመጥን። 11 ሰው፣ ሁሉም የቀሩት ጎረቤቶች፣ ክርስቲያኖች። ወረቀቱን ዘርግተን «የማን ቤት የት ነበር?» ብለን ጠየቅን። ማንም አልመለሰልንም። አንድ አባት ወረቀቱን ሁለት ሦስት ጊዜ አዟዟሩትና «ልጄ፣ እኔ ሰፈሩን የማውቀው ከወንዝ ስመለስ ነው፤ ከሰማይ ሆኜ አይቼው አላውቅም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ካርታ ከላይ ማየት የተማረ ሰው ብቻ የሚያነበው ነገር ነው፣ ይህንን ደግሞ እኔ በየዓመቱ ሳስተምር ረስቼዋለሁ።

ወረቀቱን ትተን መሬቱን ጠረግን። መንገዱን በገመድ፣ ወንዙን በአመድ አሰመርን፤ ለመኖሪያ ቤት ጠጠር፣ ለቀጥቃጭ ቤት የለስላሳ ቆርኪ፣ ለሸማኔ ጉድጓድ የበቆሎ ቆረቆንዳ። ያኔ ሁሉም ተነሱ። ጠጠር አንስተው እየተከራከሩ ያስቀምጡ ጀመር። በሦስት ሰዓት ውስጥ 31 ቤት፣ 3 ቀጥቃጭ ቤት፣ 5 የሸማኔ ጉድጓድ ተቀመጠ። በ6 ቤት ላይ አልተስማሙም፤ እነዚያን በጥያቄ ምልክት ያዝናቸው። ከላይ ፎቶ አንስተን ጨረስን።

ሲያወሩ የያዝነው፦ ቅዳሜ ከቤተ እስራኤሎች ቤት ጢስ አይወጣም ነበር። የጎንደር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ስለሆነ ሰው ማረሻውንና ማጭዱን ሊያሠራ በሌላ ቀን እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር። ምግብ ከሌላ ሰው ጋር አይበሉም፣ ከነኩህ ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ፤ ለዚህም «አትንኩኝ» ይሏቸው ነበር።

አንድ ልጅ ድንገት «ቡዳ ትሏቸው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ዝም ተባለ። ልጁን ልቆጣው ከአፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ቆይተው የመጀመሪያው አባት መለሱ፦ «እንል ነበር። ቀን ማረሻ ከእጃቸው እንቀበላለን፣ ማታ ልጅ ሲያመን እነሱ በሉት እንላለን።» ቀረጻው ላይ አለ። ሌሎቹ ቀና አላሉም።

ኅዳር 8

የመጀመሪያውን ሰሌዳ ሠራን፣ የርዕሱን። ከገዛነው ሸክላ ጭቃ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ፊደሉ በሚስማር ተቀርጾ፦ «የፈላሻ መንደር፣ የጠፋው ማኅበረሰባችን መታሰቢያ»። ፊደሉ በጣም ያምራል። ለማድረቅ አስቀመጥነው።

ኅዳር 14

ዛሬ ስግድ ነው። ከአስተስርዮ (ከኃጢአት ማስተስረያው ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውል፣ ቀሶች ኦሪትን ተራራ ላይ አውጥተው የሚያነቡበት፣ ሕዝቡ እስከ ከሰዓት የሚጾምበት በዓል። በፊት እዚህ በጎንደር ዙሪያ እነ አምቦበር ላይ ይወጡ ነበር። አሁን ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃነጺቭ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮም በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ነው።

የአንዷ ተማሪያችን አጎት እስራኤል ውስጥ፣ ናታንያ ይኖራል። በእሱ በኩል ወለቃ ተወልደው ያደጉ አንዲት እናት አገኘን። በስተ ማታ ከበዓሉ ሲመለሱ በቴሌግራም ቪዲዮ ደወሉልን። ነጭ ነጠላቸውን አላወለቁም። መጀመሪያ የጠየቁት «ዝናቡ ደህና ነበር?» ብለው ነው። ከዚያ የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጠየቁ፣ አያቶቻቸውን ጭምር። የሁለቱን አያት ያውቋቸዋል።

ልጆቹ በኩራት ሰሌዳውን አሳዩዋቸው። አነበቡት። ፊታቸው ተለወጠ። ቆይተው፦ «ልጆቼ፣ እጃችሁ ይባረክ፣ ፊደላችሁ ቆንጆ ነው። ግን ያ ስም የእኛ አይደለም። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። በዚያ ስም የጠራን ሰው ሁሉ ከላይ ሆኖ ነው የጠራን።»

እኔ መምህር ነኝ፣ ቃሉ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ፈለሰ ከሚለው ነው፤ አገር የሌለው፣ ከመሬቱ የተነቀለ። በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ይስሐቅ ጊዜ ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው ከመባሉ ጋር የሚያያዝ ትውፊት አለ። ይህን እያወቅሁ ሁሉም ሰው መንደሩን በዚያ ስም ስለሚጠራ ዝም ብዬ አሳለፍኩት። ስህተቱ የተማሪዎቹ አይደለም፣ የእኔ ነው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ከክበቡ አንዱ ልጅ፣ እስከ ዛሬ በስብሰባ ተናግሮ የማያውቅ፣ «'የጠፋው' የሚለውም ይውጣ» አለ። ቤተሰቡ ጎንደር ከተማ ውስጥ ካሉት፣ ወደ እስራኤል ለመሄድ ዓመታት ከሚጠብቁት ናቸው። «አልጠፉም፣ ሄዱ። እኛ ደግሞ አለን» አለ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ አላውቅም ነበር።

ሰሌዳው ገና በእሳት አልተተኮሰም። ያልተተኮሰ ሸክላ፣ የቱንም ያህል ቢደርቅ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ባልዲ ውስጥ ነከርነው። ጠዋት ፊደሉ አልነበረም፤ ጭቃውን አውጥተን ለሌላ ሰሌዳ አቦካነው። አዲሱ ርዕስ፦ «ወለቃ፦ የቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችን ቤት»።

ኅዳር 28

የተገዛው ጭቃ አለቀ፤ ውድ ነው፣ ለ24 ሰሌዳም አይበቃም። ወለቃ ዛሬም ሸክላ የሚሠሩ አንዲት እናት ሊያስተምሩን ተስማሙ። ሥራውን የተማሩት ከሄደችው ቤተ እስራኤል ጎረቤታቸው ነው። እሳቸውም ክርስቲያን ሆነው ሸክላ በመሥራታቸው ዘመድ አኩርፏቸው ነበር። የቀን አበላቸውን አስልተን ለሥራው ሁሉ 3,000 ብር ተነጋገርን፤ ቀስ እያልን የምንከፍለው።

አፈሩን በዶማ ቆፈርን፣ 4 ጆንያ። አደረቅን፣ ወቀጥን፣ በወንፊት ነፋን። ለሦስት ቀን ውሃ ውስጥ አቆየን። ልጆቹ በእግር ረገጡት።

ሙከራ 1፦ አፈሩ ብቻ፣ ምንም ሳይቀላቀል። 4 ሰሌዳ። ሁሉም ሲደርቁ ማዕዘናቸው ወደ ላይ ተቆለመመ።

ሙከራ 2፦ እናት «ገል የሌለው ሸክላ አጥንት የሌለው ሥጋ ነው» አሉን። የተሰበረ ምጣድና ጀበና ሰብስበን ወቀጥን፤ ለ3 እጅ ጭቃ 1 እጅ ገል። መቆልመሙ በጣም ቀነሰ። ግን ፀሐይ ላይ ስላደረቅነው ጠርዙ ተሰነጠቀ፤ ጠርዙ ከመሃሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይጎተታል።

ሙከራ 3፦ ያው ቅልቅል፣ ጥላ ውስጥ፣ ለ4 ቀን በፌስታል ተሸፍኖ፣ በየቀኑ ተገልብጦ፣ ከዚያ 10 ቀን ሳይሸፈን። 6ቱም ቀጥ ብለው ደረቁ።

በዚህ መሃል የአናጺው ፍሬም ተሠርቶ መጣ። 9 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ዙሪያው ሞራሌ፣ ልክ 120 በ180። 1,450 ብር። ቸኩዬ ነበር ያዘዝኩት፤ ስህተቱ ከታች ይታያል።

ታኅሣሥ 22፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ተኩስ። 6 ሰሌዳ ገባ፣ 1 ወጣ።

እናት ለቅሶ ሄደው ስለነበር ራሳችን ጀመርነው። ሰሌዳዎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደርበን የባሕር ዛፍ እንጨት ዙሪያውን ቆልለን ለኮስን። በ20 ደቂቃ ውስጥ አንዱ ሰሌዳ እንደ ጠመንጃ ጮኸ። ሌላው ተከተለ። ልጆቹን ወደ ኋላ አራቅሁ፤ ስብርባሪው 3 ሜትር ያህል ተወርውሯል። ማንም አልተጎዳም፣ ግን መነጽር ሳናዘጋጅ መጀመራችን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለ መነጽር ወደ እሳቱ የሚቀርብ የለም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእጅ ሲነካ ደረቅ የሚመስለው ሰሌዳ ውስጡ ውሃ አለ። ከ100 ዲግሪ ሲያልፍ ውሃው እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫ ካጣ ሰሌዳውን ያፈነዳዋል። የባሕር ዛፍ እሳት ደግሞ ወዲያው ነው የሚግለው።

ጥር 6

ለናታንያዋ እናት የፈነዳውን በቪዲዮ አሳየናቸው። ሳቁ፣ ከዚያ የእናታቸውን አሠራር ነገሩን፣ ከወለቃዋ እናት አሠራር ጋር አንድ ነው። መጨረሻ ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ቅዳሜ ግን አትተኩሱትም አይደል?»

ቅዳሜ ነበር የተኮስነው። ትምህርት የሌለው ቀን ስለሆነ ብቻ። ሰንበት የሚያከብሩ ሰዎችን ለማሰብ በሰንበት እሳት አነደድን። ይቅርታ ጠየቅናቸው። «አላወቃችሁም» አሉን።

እሑድ እናድርገው ስንል የወለቃዋ እናት በእሑድ አይተኩሱም። ስለዚህ ተኩስ ሐሙስ ከሰዓት ሆነ። ርእሰ መምህሩ የሁለት ክፍለ ጊዜ ፈቃድ ለ4 ሐሙስ ሰጡን። ከዚያ በላይ የለም፤ ስለዚህ የምንችለው 4 ተኩስ ብቻ ነው።

ጥር 25፣ ሐሙስ

ሁለተኛው ተኩስ፣ በወለቃዋ እናት አመራር። 8 ገባ፣ 7 ወጣ።

አሠራሩ፦ መጀመሪያ ሰሌዳዎቹ በጠርዛቸው ቆመው፣ ትኩስ አመድና ፍም ከሩቅ ተከቦ 2 ሰዓት ማሞቅ። እናት በመሃሉ መስተዋት ቁራጭ ያስጠጋሉ፤ ጤዛ ከያዘ ውሃው አልወጣም። ጤዛው ሲቀር ኩበት ዙሪያውንና ከላይ መቆለል፣ ቀዳዳውን በገል መሸፈን፣ ከላይ እርጥብ ጭድ። ኩበት እንደ ባሕር ዛፍ አይንቦገቦግም፤ ቀስ ብሎ ይግላል፣ ሙቀቱን ይዞ ያድራል።

የተሰነጠቀው አንዱ፣ ልጆቹ ጓጉተው ጠዋት ገና ትኩስ እያለ ስለከፈቱት ነው። የኬሚስትሪ መምህራችን እንዳስረዳን፣ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 573 ዲግሪ አካባቢ ድንገት መጠኑን ይለውጣል፤ ሲቀዘቅዝም ያው ነው። ስለዚህ ቶሎ ማቀዝቀዝ እንደ ቶሎ ማጋል ይሰብራል። ከአሁን በኋላ ሳይከፈት አንድ ሙሉ ቀን ማቆየት።

ደስታችን ሜትሮ እስክናመጣ ድረስ ነበር። 30 ሳንቲ ሜትር የነበረው 27.3 ሆኗል። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ እንደሚያጥር ሰምቻለሁ፤ ግን 9 በመቶ አልጠበቅሁም። 6 ሰሌዳ ሲደረደር 180 መሙላት ሲገባው 164 ይሞላል። ፍሬሙ ግን ተሠርቷል።

ሁለት ምርጫ ነበረን፦ ክፍተቱን በስታኮ መሙላት፣ ወይም እንደገና መሥራት። በስታኮ ከሞላን ልኬቱ ይበላሻል፤ መንገዱ በየሰሌዳው ይቆራረጣል። እንደገና ለመሥራት ወሰንን። 30 ለ0.91 ሲካፈል 33፤ እርጥቡን በ33 መቁረጥ። 7ቱን ለመለማመጃ አስቀመጥናቸው። አንዲት ልጅ አለቀሰች፣ ሁለት ወር የሠራችው ነው። እኔም ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የካቲት 11

በሰሌዳዎቹ ላይ ምን እንደሚቀረጽ የተነጋገርነው ዛሬ ነው።

መስጊዱ ላይ ልጆቹ የዳዊት ኮከብ አድርገው ነበር፣ ዛሬ ያለችው ላይ ስላዩ። የናታንያዋ እናት «በእኔ ልጅነት የጭቃና የሣር ቤት ነበረች፣ ጉልላቷ ላይ ቀይ ገንቦ ነበረ» አሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን ያለፉ ተጓዦችም መስጊዶቹ በጉልላታቸው ባለ ቀይ የሸክላ ዕቃ ይለዩ እንደነበር ጽፈዋል። ኮከቡ ኋላ የመጣ ነው። ገንቦ ቀረጽን፣ አተር የሚያህል።

የመርገም ጎጆ። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከመንደሩ ዳር የምትቀመጥባት፣ ዙሪያዋ በድንጋይ የታጠረች። ወንዶቹ ልጆች «ያሳፍራቸዋል፣ እንተወው» አሉ። ሴቶቹ ተከፋፈሉ። እኔ ልወስን አልፈለግሁም፤ ባለቤቶቹ ይጠየቁ አልኩ። እናት በቪዲዮ፦ «ለምን ትተዋላችሁ? እናቴ ያረፈችው እዚያ ብቻ ነው። ስፌት ስንሰፋ፣ ስናወራ ነበር። ምግቡን በድንጋዩ ላይ አሻግረው ይሰጡን ነበር።» ድንጋዮቹን ጭምር አስገቡ አሉን። 14 ጠጠር በወንፊት ከቀረው ገል ለቅመን ተከልን።

መቃብሩ። ዙሪያውን በድንጋይ ክምር ብቻ የሚታወቅ ነው፣ አብዛኛው ጽሑፍ የለውም። እዚያ ላይ ምንም ፊደል አላስቀመጥንም።

ከዚያ የናታንያዋ እናት አንድ ነገር ለመኑን። ቤተሰባቸው በ1976 ዓ.ም. ሌሊት በእግር ወጥቶ በመተማ በኩል ሱዳን ገብቷል። እናታቸው ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ ሞቱ። በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች አልቀዋል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በአውሮፕላን ከዚያ ከተወሰዱት መካከል እሳቸው አሉ፣ እናታቸው የሉም። «እናቴን ካርታው ላይ አድርጉልኝ» አሉ።

ኡም ራኩባ ከ450 ሜትር ካርታችን ውጭ ነው። እንደ ጂኦግራፊ መምህር ይህ አይቻልም። ግን ከፍሬሙ በስተ ምዕራብ ውጭ፣ ለብቻው የሚቆም 25ኛ ሰሌዳ ሠራን፤ ከመንደሩ የሚወጣው የእግር መንገድ ጠርዙን አልፎ ወደዚያ ሰሌዳ ይገባል፣ እዚያም ያልቃል። ልኬት የሌለው ብቸኛው ሰሌዳ ነው፣ ከታችም «ልኬት የለውም» ብለን ጽፈናል።

የካቲት 18

24ኛው ሰሌዳ የእኛ ጽሑፍ ነው። ልጆቹ የጻፉት ይህ ነው፦ «ማረሻችንንና ምጣዳችንን ሠሩልን። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ አብዛኞቹ የራሳቸው መሬት አልነበራቸውም። ቡዳ ብለናቸዋል። ሲሄዱ ብዙዎቻችን አልሸኘናቸውም።»

አንድ ወላጅ መጥተው «አያቶቻችንን ማሰደብ ነው» አሉ። የትምህርት ቤቱ ቢሮም የመጨረሻዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እንድናወጣ ጠየቀን። እኔ ለማውጣት ተቃርቤ ነበር፤ ካርታው ጭራሽ እንዳይቀር ሰግቼ።

የካቲት 26

የወላጆች ስብሰባ። ከወለቃ ያ አዛውንት አባት መጡ፤ ማን እንደጠራቸው እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፣ የልጆቹ ሥራ ነው። ተነስተው፦ «የተጻፈው የእኔ ቃል ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ ውሸት ነው አትበሉኝ» ብለው ተቀመጡ። ጽሑፉ ሳይነካ ቀረ። ያ ወላጅም ስብሰባውን ጥለው አልወጡም።

የካቲት 30፣ መጋቢት 21፣ ሚያዝያ 19

ሦስቱ የቀሩት ሐሙሶች። 9 ገባ፣ 8 ወጣ። 10 ገባ፣ 10 ወጣ። 9 ገባ፣ 7 ወጣ። ድምሩ 25፤ ልክ የሚያስፈልገን። ትርፍ አንድም የለም። መጠናቸው ከ29.8 እስከ 30.2። ለዚህ ቁጥር ሁላችንም ጮኸናል።

ቀለማቸው አንድ አይደለም፤ ኩበቱ የነካው ጥቁር፣ አየር ያገኘው ቀይ። ቀለም እንቀባ ያሉ ነበሩ፣ እኔ አልፈቀድኩም።

ሚያዝያ 28

ክብደት። ማሰብ የነበረብኝ በጥቅምት ነው። አንዱ ሰሌዳ 3 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፣ 24ቱ 84 ኪሎ፣ ከፍሬሙ ጋር ከ100 ኪሎ ይበልጣል። የአዳራሹ ግድግዳ ባዶ ብሎኬት ነው። በፊሸርና በብሎን ሞከርን፤ ፍሬሙን ባዶውን እንኳ ሰቅለን አንድ ልጅ በእጁ ሲጫነው ፊሸሩ ከነአቧራው ወጣ። የሚሰቀል ነገር እንዳልሆነ ገባን። ከብየዳ ቤት የአንጎላሬ እግር አሠራን፣ ወደ ኋላ ትንሽ ያዘነበለ፤ 2,300 ብር።

ማጣበቂያ ላይ ክርክር ነበር። አናጺው በሲሊኮን ይጣበቅ አለ። እኔ እምቢ አልኩ። 6ቱ የጥያቄ ምልክት ያለባቸው ቤቶች ገና አልተፈቱም። ከተጣበቀ ማረም አይቻልም። እያንዳንዱን ሰሌዳ በ4 የቆርቆሮ መያዣ በብሎን አሰርነው፤ ብሎኑ ሲፈታ አንዱ ብቻውን ይወጣል።

ወጪ እስከ ዛሬ፦ ባጃጅ 2,400፣ ፍሬም 1,450፣ እግር 2,300፣ ኩበትና እንጨት 1,900፣ ለወለቃዋ እናት 3,000፣ የስልክ ካርድ 800፣ ጭቃ፣ ወንፊት፣ መነጽርና ብሎን 900። ድምር 12,750 ብር። ክበቡ 3,200፣ መምህራን ያዋጡት 4,150፣ ልጆቹ ሻይና ዳቦ ሸጠው 2,900፣ ከናታንያ የተላከ 2,500።

ግንቦት 9

መያዣ ስናጠብቅ ሰሌዳ 9 ማዕዘኑ ተሰበረ። ብሎኑን ከመጠን በላይ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ትርፍ የለም፣ የተኩስ ቀንም የለም። በኢፖክሲ ገጣጠምነው፤ ስንጥቁ ይታያል። ከሌሎቹ ብሎኖች ሥር ከባጃጅ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ አስገባን፤ ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብን ይህንን ነው።

ግንቦት 16

ቆመ። ጠዋት ዝናብ ነበር፣ መብራትም ጠፋ፤ በመስኮት ብርሃን ታየ። የወለቃ አዛውንቶች 7ቱ መጡ። ወለቃን ከላይ አይተው የማያውቁት አባት ዛሬ ወዲያው አወቁት፤ ከወንዙ በኩል ቆመው ስለጀመሩ ነው። ጣታቸውን መንገዱ ላይ አድርገው እየሄዱ የቤቱን ባለቤት ሁሉ ጠሩ። ከ6ቱ የጥያቄ ምልክት 2ቱን እዚያው ከሌሎቹ ጋር ተስማምተው ፈቱ።

ዝምተኛው ልጅ እናቱንና አያቱን ይዞ መጣ። አያቱ 24ኛውን ሰሌዳ እንዲያነብላቸው ጠየቁት። አነበበላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙት፣ ምንም አላሉም፣ የርዕሱን ሰሌዳ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

ከሰዓት ናታንያ ደወልን። እናት ቤታቸው የትኛው እንደሆነ ጠየቁ፤ ሰሌዳ 11 ላይ ነው፣ ስልኩን አስጠጋንላቸው። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ፦ «በሩ በዚህ በኩል አይደለም። በእናቴ ቤት በሩ ወደ ወንዙ ነው።»

ግንቦት 22

የሚቀረው፦ ሰሌዳ 11 ወጥቶ እንደገና ይሠራል፣ በሩ ወደ ወንዙ። ርእሰ መምህሩ አንድ ተጨማሪ ሐሙስ ሰጥተዋል። በአንድ ሰሌዳ ብቻ ኩበት ማባከን ስለሆነ ሰሌዳ 9ንም አብረን እንተኩሳለን። ገሉ ከጥር 25ቱ ሰሌዳዎች አንዱ ተወቅጦ ይሆናል፤ ያኔ ያለቀሰችው ልጅ ራሷ ናት ያለችው። አራት ቤት ገና ባለቤታቸው አልታወቀም፤ ሁለቱ ሰሌዳ 14 ላይ፣ አንዱ 17፣ አንዱ 20። ከናታንያ፣ እዚያው እስራኤል አሽዶድ የሚኖሩ የአንድ አባት ስልክ ተልኮልናል፤ በዚያ በኩል ይቀጠቅጡ ስለነበር ያውቃሉ ተብሏል። እሑድ እንደውላለን።